መስመሩ ወደ መስኮቱ ሲያይ

አውቶቡሱ ከመነሻው ሲወጣ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለቲኬት ቆራጯ ሰጣት። መሪ የጨበጠ ሰው ስልክ አይያዝ የሚል ደንብ አለ። ሌሎቹ ሾፌሮች ስልካቸውን ጭናቸው ሥር ደብቀው ይነዳሉ፤ የእሱ ግን በቲኬት ቆራጯ ቦርሳ ውስጥ ከሳንቲሙና ከማስቲካው ጋር ተደባልቆ ይውላል። ሲጮኽ የምታነሣው እሷ ናት፤ የምትመልሰውም እሷ ናት። እሱ በመስተዋቱ ፊቷን እያየ ወሬው ደግ ይሁን ክፉ ይለያል። ዓይን አፋር ስለሆነ ይኼ አሠራር ተስማምቶታል።

"ሚስትህ እኮ ከአንተ ድምፅ የእኔን ድምፅ ነው የለመደችው" እያለች ትስቅበታለች።

ሰው ሁሉ "እጀ ወርቅ" ይለዋል። እውነትም የማይጠግነው ነገር የለም። ቤቱ ውስጥ እንደተገዛ የቀረ ዕቃ አይገኝም። በሩ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም። የቧንቧው ማዞሪያ የሌላው ሰው ቧንቧ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይዞራል። የወጥ ቤቱ መስኮት መቀርቀሪያው ከተሰበረ ወዲህ በማንኪያ እጀታ ነው የሚከፈተው፤ ማንኪያዋም እጀታዋ ለዚሁ ተሞርዶ መስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። የጋዝ ምድጃው ማዞሪያ ሲሰነጠቅ ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሌላ ፈልጎ አምጥቶ ገጠመለት። ልክክ አለ፤ ግን ጠመም ብሎ። በሰው ምድጃ ላይ የማዞሪያው ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ ሲቆም ጋዙ ተዘግቷል ማለት ነው። በእነሱ ቤት የሚዘጋው መስመሩ ወደ መስኮቱ ሲያይ ነው። ቀጥ ካለ ገና አልተዘጋም፤ በስሱ ይመጣል።

"ወይ አስተካክለው፣ ወይ ለልጆቹ ንገራቸው" ብላው ነበር ሚስቱ።

"ልጆቹ ምድጃ አይነኩም" አላት።

"አይነኩም የተባለ ነገር ነው መጀመሪያ የሚነካው።"

እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ነገሩም በሳቅ ታለፈ።

ዛሬ ሚስቱ የለችም። እናቷ ወድቀው ወገባቸውን ተጎድተዋል ተብሎ ማለዳ ተደውሎላት፣ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ወደ ሩቅ ከተማ በሚሄድ መኪና ተሳፍራለች። ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ታናሽ ወንድሟን ከሕፃናት መዋያው ተቀብላ ወደ ቤት ትወስደዋለች፤ የተቀመጠላቸውን ምግብ እንደ ቀዘቀዘ ይበላሉ፤ አባት እስኪመጣ በራቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። ውሉ ይኼ ነበር።

ቲኬት ቆራጯ ግን ሥራዋ ቲኬት መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ወሬም ትቆርጣለች።

"ይኼን ሾፌር ታዩታላችሁ?" አለች ለተሳፋሪው ሁሉ። "አፍ የሌለው ይመስላል አይደል? በቀደም የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ንግግር አደረገ!"

"እትዬ፣ ተይ" አለ ሾፌሩ። ጆሮው ቀላ።

"ምን ተይ ትለኛለህ፤ ያኮራል እንጂ! መምህሯ ልጆቹን ምድጃ ማቀጣጠል፣ ቁልፍ መትከል፣ ቁስል ማሰር እናስተምር ስትል ወላጁ ለሁለት ተከፈለ። ይኼ ብድግ አለና 'የቤቱን እኛ እናስተምራለን፣ እናንተ ፊደሉን አስተምሩልን' ብሎ ቁጭ። ተጨበጨበለት!"

እውነት ነው፤ ተጨብጭቦለታል። በዕድሜው ሙሉ በስብሰባ መሐል የተናገረው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ቤቱ እስኪደርስ ልቡ ሲደልቅ ነበር።

"ልክ ብሏል" አሉ ከፊት ወንበር ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ። "ልጅ የሚማረው ከእናት ከአባቱ ሥር ሥር እያለ ነው። ደግሞስ ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል ወይ? ምን ያስቸኩላል?"

"እርስዎ አባባ፣ ሻይ ማን ነው የሚያፈላልዎ?" አለች ጎመን በዘንቢል ይዛ የቆመች ሴት።

"ልጄ።"

"እርሷን ማን አስተማራት?"

"እናቷ ነቻ!"

"ይኸው! 'እናት ከአባት' ይላሉ፣ ሥራው ሲመጣ እናት ብቻ። እኔ ከጧት እስከ ማታ ገበያ ነኝ። መቼ ላስተምር? ትምህርት ቤት ያስተምርልኝ እንጂ። ያ ሁሉ ሰዓት ልጄን ወስደው የወንዝ ስም ብቻ ያስሸመድዱልኛል። የወንዙን ርዝመት የሚያውቅ ልጅ ካልሲውን ማጠብ አያውቅም!"

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። ከስብሰባው በተመለሰ ዕለት ልጁ እግሩ ሥር መጥታ "እሺ አባዬ፣ አሳየኛ። መምህራችን ከካርቶን ምድጃ ሠርታ እንዴት እንደሚዞር አሳይታናለች። አሁን የእውነቱን አንተ አሳየኝ" ብላው ነበር። "ነገ" አላት። በማግስቱም "ነገ" አላት። ደክሞት ነበር። ደግሞም ያንን ጠማማ ማዞሪያ ለልጅ ማስረዳት አሳፈረው፤ መጀመሪያ አስተካክለዋለሁ፣ ከዚያ አሳያታለሁ ብሎ አሰበ።

ቦርሳው ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

"ቤት ነው" አለች ቲኬት ቆራጯ። "ሃሎ! ... አቤት የኔ ቆንጆ! ... እየነዳ ነው፣ ለእኔ ንገሪኝ።" ፊቷ በመስተዋቱ ውስጥ ፈካ። "ውይ! ውይ በሞትኩት! ... እሺ እነግረዋለሁ ... ጎበዝ!" ስልኩን ዘጋችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ስሙልኝ፣ ስሙልኝ! ይኼን እየተከራከርን የሱ ልጅ ሻይ አፍልታ ፔርሙስ ሞልታ እየጠበቀችው ነው! ብቻዋን!"

"ማን አስተማራት?" አሉ ሽማግሌው።

"ትምህርት ቤት!" አለች የጎመኗ ሴት። "አላልኩም?"

ሾፌሩ እጁ መሪው ላይ ደረቀ። "እሷ ... ምን አለች እትዬ? ሌላስ ምን አለች?"

"'እንዳይሰጋ ንገሪልኝ፣ መምህሯ እንዳለችው መስመሩን ቀጥ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ' ነው ያለችው። አይ ልጅ! 'ትንሽዬ ሰማያዊ እሳት እምቢ ብላ ቀርታ ነበር፣ እፍ ብዬ አጠፋኋት' አለች።"

የአውቶቡሱ ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሾፌሩ ክው አለ። የሞተሩ ድምፅ ከጆሮው ራቀ።

እፍ ብዬ አጠፋኋት። እሳቷን እንጂ ጋዙን አላጠፋችም። ጋዙ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ያለ ነበልባል እየወጣ ነው። ከካርቶን የተሠራ ምድጃ ላይ ትንሽዬ እሳት አትቀርማ! መምህሯ ይኼን እንዴት ታውቅ? ይኼን የሚያውቅ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛዋ ሩቅ መንገድ ላይ ናት፣ ሁለተኛው እዚህ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል።

ሲሊንደሩስ? ሚስቱ ሁልጊዜ ሲሊንደሩን ከሥሩ ትዘጋዋለች። ማለዳ ግን በድንጋጤ ነው የወጣችው። ከእሷ በኋላ ደግሞ ቁርስ ያሞቀው ራሱ ነው፤ ዘግቶት ይሆን? ዘግቶት ቢሆን ሻዩ አይፈላም ነበር። ሻዩ ከፈላ ሲሊንደሩ ክፍት ነው። ልጅቷ ትዝጋው እንዳይባል ደግሞ እሱ በሠራለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ የልጅ ክንድ እዚያ አይደርስም። እንዳይደርስ ብሎ ነው የሠራው።

"መልሰሽ ደውይላት" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። "አሁኑኑ ደውይላት እትዬ!"

ቲኬት ቆራጯ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ተቋረጠ።

"አታነሣም። እንዴ፣ ልክ ነው፤ 'ማሙሽን ላስተኛው ነው፣ ስልኩን ድምፅ አጠፋበታለሁ፣ እኔም ጋደም እላለሁ' ብላኝ ነበር። ምነው? ምን ሆንክ? ላብህ ..."

"ድገሚው።"

ደገመች። አላነሣችም። ለሚስቱ ደወለች፤ መስመር የለም። "ጎረቤት? የጎረቤት ስልክ ንገረኝ!"

የጎረቤት ስልክ የለውም። ሚስቱ ናት ሰፈሩን የምታውቀው። እሱ የአጥር ጎረቤቱን እንኳ አንገቱን ደፍቶ "ደኅና ዋሉ" ከማለት አልፎ አናግሮት አያውቅም። በየቤቱ ጠርቶት ቧንቧ ያስጠገነው ሁሉ ስልኩን ይዟል፤ እሱ ግን የማንንም አልያዘም።

"እትዬ፣ ጋዙ አልተዘጋም" አለ። ምላሱ እየተሳሰረ ማዞሪያውን፣ መስመሩን፣ መስኮቱን ነገራት። አነጋገሩ ለራሱም አልገባውም፤ እሷ ግን ገባት። የፊቷ ሳቅ ድርግም አለ።

ከፊታቸው መጋጠሚያው መንገድ ታየ። አውቶቡሱ ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው፤ ዕድሜ ልኩን ወደ ግራ ነው የታጠፈው። የእሱ ሰፈር በቀኝ ነው። ከመስመሩ የወጣ አውቶቡስ ሾፌር ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ በቅርቡ አንድ ጓደኛው ለታመመች እናቱ መድኃኒት ሊያደርስ ሁለት መንገድ ዘልቆ፣ እነሆ ዛሬ መሪ ተነጥቆ አውቶቡስ ያጥባል። ወርዶ ታክሲ ቢይዝስ? ይኼን ሁሉ ሰው መሐል መንገድ ላይ ጥሎ? ታክሲ እስኪገኝስ?

ልጆቹ በራቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ትንሹ በአፉ ነው የሚተነፍሰው፤ ጉንፋን ይዞታል። አፍንጫው አይሸትለትም።

ፍሬን ያዘና አውቶቡሱን መጋጠሚያው አፍ ላይ አቆመው። ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን ፊቱ ላይ ሲያርፍ የወንበሩን ብረት ጨበጠ።

"ልጆቼ ቤት ውስጥ ናቸው" አለ። "ጋዝ ተከፍቷል። እኔ ነኝ ... ማዞሪያውን እኔ ነኝ ጠማማ አድርጌ የገጠምኩት፤ አልነገርኳቸውም። አሁን ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው። የማይመቸው ይውረድ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

"ሰውዬ፣ እኔ ቀጠሮ አለኝ!" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

"ቀጠሮህን ዋጠው!" አለችው የጎመኗ ሴት። "ንዳ አንተ! ምን ቆመህ ትለማመናለህ? ንዳው!"

"ለእሳት አደጋ ደውሉ" አለ ሌላው። ቲኬት ቆራጯ ደወለች፤ ተይዟል። ሌላ ሰው ደወለ፤ ተይዟል።

ጎልማሳው ወረደ። አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

መንገዱ ለእንዲህ ያለ ትልቅ መኪና አልተሠራም። የስፖኪዮው ጫፍ የሱቅ መጋረጃ እየጠረገ፣ ዛፍ ጣራውን እየፋቀ አለፈ። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ጨብጠው በከንፈራቸው የሆነ ነገር ያነበንባሉ። ቲኬት ቆራጯ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "አንሺ የኔ ልጅ፣ አንሺ፣ አንሺ" ትላለች። ሾፌሩ ከእያንዳንዱ ጣራ በላይ ጭስ እየፈለገ ይነዳል። ጭስ ሲያጣ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ጋዝ ጭስ እንደሌለው ትዝ ይለዋል። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቅታ መብራት ብታበራስ? የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫኑት ጭር ብሎ ብልጭ ይላል፤ እሱንም የጠገነው ራሱ ነው። ቤቱ በሙሉ የእሱን እጅ ብቻ የሚሰማ ቤት ነው። ሌላ ሰው ከነካው ይናከሳል።

የሰፈሩ ቅያስ አፍ ላይ አውቶቡሱ አላለፈም። በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ። "መብራት እንዳይነካ!" ብላ ጮኸች ቲኬት ቆራጯ ከኋላው። ሮጠ። እግሩ የተሳሰረ፣ መንገዱም ወደ ኋላ የሚሄድ መሰለው።

የግቢው በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ልጁ ቁጭ ብላለች። ወንድሟ ጭኗ ላይ ነው። ፔርሙሱ አጠገቧ ተቀምጧል።

"አባዬ! ቤታችን ፈሳ!" አለ ማሙሽ።

ሾፌሩ የሁለቱንም ራስ በሁለት እጁ ያዘ፤ ትኩስ ነው፤ የሕያው ሰው ራስ ነው።

"ፔርሙሱን ላመጣ ብገባ ሸተተኝ" አለች ልጅቷ። "መምህሯ ሲሸታችሁ መብራት አትንኩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ ብላናለች። መስኮቱ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይዤው ወጣሁ። ስልኩን ረሳሁት አባዬ።"

"ከዚህ አትነቃነቁ" አለና ገባ።

በሩን ከፍ አድርጎ ገፋው። ሽታው ፊቱን መታው። ትንፋሹን ያዘ። ማዞሪያውን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ክንዱን ሣጥኑ ውስጥ ከቶ ሲሊንደሩን ከሥሩ ዘጋ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ በእጁ ዳበሰ። ማንኪያዋ የለችም። ልጅቷ ወጥ ቤቱን አጽድታለች፤ ዕቃ አጥባ፣ ጥግ ላይ የተረሳች የመሰለቻትን ማንኪያ ከሌሎቹ ማንኪያዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ደርድራለች። መሳቢያውን ሳበ፤ ማንኪያዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ የተሞረደችው የቷ እንደሆነች በችኮላ አልለይ አለው። ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ እጁ ላይ ጠቅልሎ የመስኮቱን መስተዋት በቡጢ ሰበረው። በዕድሜው ሆን ብሎ ነገር ሲሰብር የመጀመሪያው ነበር።

ነፋሱ ገባ።

ወደ ውጭ ሲወጣ ግቢው በር ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ ከአውቶቡሱ የወረዱም አሉ። የአጥር ጎረቤቱ "ምነው ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብትጣራ እኮ አጥር ዘልዬ እገባ ነበር" አለው። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አደረገና "ስልክ ቁጥርህን ስጠኝ" አለው። ሰውየው ሲነግረው እንዳይጠፋበት አፉ ውስጥ ደጋገመው፤ የራሱ ስልክ ቲኬት ቆራጯ ጋ ነበር።

ልጅቷ እጁን ያዘችው።

"መስመሩን ቀጥ አድርጌዋለሁ አባዬ። ማሙሽ ይመስክር። ምኑን ነው ያበላሸሁት?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ሸተተ?"

እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ነገራት፤ ማዞሪያው ከሌላ ምድጃ መምጣቱን፣ ጠማማ መግጠሙን፣ የሚዘጋውም መስመሩ ወደ መስኮቱ ሲያይ መሆኑን። ልጅቷ ቅንድቧን ሰብስባ ሰማችው። ተቆጥታለች።

"መምህሯ ተሳስታለች ማለት ነው?"

"አልተሳሳተችም። የሰው ቤት ሁሉ እንደሷ ነው። የእኛ ቤት ነው ..."

ጋዙ ተናፍሶ እስኪያልቅ ቤቱ ውስጥ ሊተዋቸው አልደፈረም። ጎረቤቱ ደጁን ሊጠብቅለት ቃል ገባ። ሾፌሩ ማሙሽን አዘለ፤ ልጅቷ ፔርሙሷን አንጠለጠለች፤ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።

"ተቆጣጣሪው ሲደውል ነበር" አለች ቲኬት ቆራጯ። "አንሥቼ የማላውቀውን ቋንቋ ሁሉ ተናገርኩና ዘጋሁበት። መድረሻው ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅህ ግን አትጠራጠር።" ከዚያ ልጅቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ይኼን ሻይ አንድ ሰው ይቅመሰው እንጂ፣ ስንት መንገድ ጠመመለት!"

ሽማግሌው የፔርሙሱን ክዳን ተቀብለው ፉት አሉ። ስኳሩ በዝቷል፤ ፊታቸው ያስታውቃል። "ለራት ባይበቃም ለመንገድ ይበቃል" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቀጭን ነበር። የጎመኗ ሴት አልሳቀችም። ዘንቢሏን አቅፋ "የእኔም ቤት በር አንድ ነገር አለው" አለች ለራሷ ያህል። "ከውስጥ ሲቆለፍ ... ልጄ ያውቀው ይሆን?" ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች።

ሾፌሩ አውቶቡሱን በመከራ አዙሮ ወደ ዋናው መንገድ አወጣው። ልጅቷ ከኋላው ባለው ወንበር ተቀምጣ፣ አገጯን የወንበሩ ብረት ላይ አሳርፋ በጆሮው አጠገብ ትተነፍሳለች።

"አባዬ።"

"ወይ።"

"ሌላስ ምን አለ?"

"የት?"

"ቤታችን ውስጥ። እንደ ማዞሪያው ያለ። እናንተ ብቻ የምታውቁት።"

ያ ሁሉ ሰው ይሰማዋል። ቢሆንም ተናገረ። "መስኮቱ። በማንኪያ እጀታ ነው የሚከፈተው። አሁንማ ተሰብሯል።"

"ሌላስ?"

"የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ። በእርጥብ እጅ እንዳትነኪው። አወልቀዋለሁ፤ ዛሬ አወልቀዋለሁ።"

"ሌላስ?"

"ቁም ሣጥኑ። ሁለቱን በር አንድ ላይ ከከፈትሽው ወደ ፊት ያዘነብላል።"

"ማሙሽ እኮ እዚያ ውስጥ ይደበቃል!"

"አላወቅኩም" አለ።

"ሌላስ አባዬ?"

አሰበ። ምንም አልመጣለትም። ይኼ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስፈራው፤ እንዳለ ያውቃላ። ያንን ቤት አፉ ተናግሮት አያውቅም፤ እጁ ነው የሚያውቀው። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ግራ እጁን ከመሪው አነሣና ዓይኑን ሳይጨፍን በአየር ላይ፣ በሐሳቡ፣ ቤቱ ውስጥ ገባ፤ በሩን ከፍ አድርጎ ገፋ፤ ቧንቧውን በተቃራኒ አዞረ፤ ሣጥኑን አለፈ፤ ወደ ጓዳው ዘልቆ ከፍ ካለ ቦታ አንድ ነገር ጨበጠና፣ ከመሳቡ በፊት እንዳይወድቅ በሌላው እጁ ሊደግፈው ሲል፣ ቆመ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ልጅቷ፣ እጁን እያየች።

"ቆይ" አለ። "ቆይ ልጄ። አንድ አለ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ጮኸ። እሱ ግን ጣቶቹ የጨበጡት ነገር ምን እንደሆነ ለማስታወስ እየታገለ፣ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ነበር።